በሶ የማን ውሻ ነው

በሶን ወደ ቤት ያመጣሁት ቀን ባለቤቴ ብርሃነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለችኝ። አልወጣችም። እሱ ግን ገባ፤ ምንጣፉ ላይ ሸና፣ ከዚያ የእሷን ነጠላ ጫማ አቅፎ እንቅልፉን ለጠጠ።

«ይኸው፣ የቤቱ አለቃ ማን እንደሆነ ዐወቀ» አልኳት።

«አንተ ስንት ዓመት ያልገባህ ነገር ለሱ በአንድ ቀን ገባው» አለች፤ ጫማዋን ግን አልነጠቀችውም።

ገና ጡት የተወ ቡችላ ነበር። ከከተማ ወጣ ብላ ውሻ ከምታረባ አንዲት ሴትዮ ነው ያመጣሁት። ቀለሙ የበሶ ዱቄት ስለሚመስል ስሙን ሔለን አወጣችለት። ያመጣሁትም ለሷ ነበር። ይህን መጀመሪያ መናገር ይሻላል፤ በኋላ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው «የማን ነው?» በሚለው ላይ ነውና።

ሔለን የጓደኛዬ የዘርይሁን ልጅ ናት። ዘርይሁን ካረፈ በኋላ እሷና እናቷ ጸሐይወርቅ ስካርቦሮ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው ፎቅ ቀሩ። ጋሼ እያለችኝ ነው ያደገችው። ኖርዝ ዮርክ አንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ በመዝሙር ቡድኑ ውስጥ ድምፅዋ ከሌሎቹ ይለያል። ማንም አይቷት ታማለች አይልም። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ ያ በአመጋገብ የሚይዙት ዓይነት ሳይሆን፣ በበሉ ቁጥር ኢንሱሊን የሚወጉለት ዓይነት። ጸሐይወርቅ ይህን ከሕንፃው ሰውም ከቤተ ክርስቲያኑም ሰው ደብቃ ነው ያኖረችው። አንድ ጊዜ ሔለንን ለፈለጋት ጐረምሳ ተነግሮት ስልክ ማንሳት ተወ፤ ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች።

የከፋው በኋላ መጣ። ስኳሯ ሲወርድ የገዛ ሰውነቷ ማስጠንቀቁን ተወ። ሌላውን ሰው ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ ምንም አይሰማትም። አንድ ጠዋት እናቷ ልትቀሰቅሳት ብትገባ አልነቃ አለቻት። አምቡላንስ መጣ። ለጎረቤት «የምግብ መመረዝ ነው» ተባለ።

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ከአምልኮ በኋላ ሰዎች የልባቸውን ሊነግሩኝ ይመጣሉ፤ እሰማለሁ፣ አብሬ እጸልያለሁ፣ የሰማሁትን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሔለንም እንደዚያ መጣች።

«ጋሼ፣ ተኝቼ እንዳልቀር እፈራለሁ» አለችኝ። «ማሚ ደግሞ እንቅልፍ የላትም። ትንፋሼን ልታዳምጥ ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ታድራለች። እኔ ብተርፍ እሷ ልትሞት ነው።»

የምነዳው የትምህርት ቤት ባስ ነው። ጠዋት ልጆቹን ካደረስኩ በኋላ እስከ ከሰዓት ክፍት ነኝ፤ ያን ጊዜ የማሳልፈው ቤተ መጻሕፍት ነው። እንግሊዝኛዬም የተቃናው እዚያ ነው። ስኳር ሲወርድ የሰው ጠረን እንደሚለወጥ፣ ውሻም ያን ለውጥ እንደሚለይ ያነበብኩት እዚያው ነው። የሠለጠነ ውሻ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ወረፋቸው ግን አይደረስበትም። በዚያ ላይ ጸሐይወርቅ ቤቴ መጥቶ የሚጠይቅ፣ የሚመረምር ሰው አልፈልግም አለች። በኦንታሪዮ ሰው ራሱ ያሠለጠነው ውሻም ይፈቀዳል፤ የሐኪም ወረቀት ካለ ባሱም ሱቁም አይከለክልም። «እንግዲያው እኔ አሠለጥነዋለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። በዚህ እንኳ አልተጸጸትኩም።

ሥራው የሚጀምረው ከምራቅ ነው። ሔለን ስኳሯ ወርዶ መለኪያዋ ከአራት በታች ባሳያት ቁጥር ቁራጭ ጥጥ አፏ ውስጥ ትይዝና ብልቃጥ ውስጥ ከድና ታመጣልኛለች፤ እኔ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

«እሸቱ» አለች ብርሃነሽ መጀመሪያ ያየችው ቀን፣ «ከበርበሬው አጠገብ ያለው ምንድን ነው?»

«የሔለን ምራቅ።»

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ፍሪዘሩን ጠረቀመችው። ከዚያ ወዲያ በርበሬውን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረችው እንጂ ብልቃጦቹን አልነካችም።

ጥጡን ከባዶ ጣሳዎች በአንዱ ውስጥ እደብቃለሁ። በሌሎቹ ደግሞ ስኳሯ ደህና ሳለ የተወሰደውን እጨምራለሁ። በሶ ትክክለኛውን ሲያገኝ የተቀቀለ ጉበት። ሲሳሳት ዝም እላለሁ፤ አልቆጣውም። ውሻ ከቁጣ የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው። ማግኘቱን ሲለምድ መናገርን አስተማርኩት፤ ቀኝ እግሩን አንስቶ ጉልበቷ ላይ ያሳርፋል። እሷ «ሰማሁህ» ትለዋለች፣ ትለካለች፣ ጁሷን ትጠጣለች፣ ከዚያ ጉበቱን ትሰጠዋለች። ትእዛዙን ሁሉ በአማርኛ ያደረግነው መንገደኛው እንዳያዘው ብለን ነው።

አንድ ነገር ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። «ውሻ የሚነግርሽ ስለምትመልሺለት ነው። ዝም ካልሽው እሱም አንድ ቀን ዝም ይልሻል። 'ሰማሁህ' ብለሽ ሳትበዪ ከቀረሽ ደግሞ ከዝምታም ይብሳል፤ ቃልሽ ባዶ መሆኑን አስተማርሽው ማለት ነው።»

«አይ ፕሮሚስ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ከተማውን አስለመድኩት። ሳብዌይ ባቡር፣ ሕዝብ፣ የአምቡላንስ ጩኸት፣ መሬት ላይ የወደቀ የዶሮ አጥንት አይቶ ማለፍ። የሥራ ውሻ የሚለብሰውን ቀይ ሰደርያ አልብሼ ባስ ላይ ስወጣ አንዲት ያገራችን ሴት ቀሚሷን ሰብስባ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ወዲያ ያርጉልኝ!» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ሥራ ላይ ነው።»

«ደግሞ የት ተቀጥሮ?»

የማን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነበር፤ ሥራ ላይ ነው። የኔ ነው ብዬ አላውቅም። የሷ ነው ብዬም አልተናገርኩም፤ እሱን መናገር የሷ ነውና።

በሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጣሳ ሳይሆን ከራሷ ከሔለን ያሸተተው ጸሐይወርቅ ቤት ሶፋ ላይ ነው። ቁጭ ብለን ስናወራ ከእግሬ ሥር ተነሣ፣ ሄደ፣ እግሩን ጉልበቷ ላይ አኖረ። ሔለን ሳቀች። «ደህና ነኝ እኮ» አለች። ለካች። ሦስት እንኳ አልሞላም። ጸሐይወርቅ እስከዚያ ቀን ድረስ በሶ የረገጠውን ሁሉ በበረኪና ስትወለውል የኖረች ሴት ናት። ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ ከወጡ ሥጋ አወጣች፣ በእጇ አጎረሰችው። «ብላልኝ የኔ ጌታ» አለችው እያለቀሰች። ያን ጊዜ ነው በሶ ከእኛ ቤት ወደነሱ ቤት የተዛወረው። ብርሃነሽ ከኔ ደብቃ አለቀሰች፤ እኔም ከሷ ደብቄ።

ኖላዊ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለትምህርት መጥቶ ሥራ ይዞ የቀረ፣ ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ የሚኖር፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ ጨዋ ልጅ ነው። ሔለን ከሱ ጋር መጸለይ ከጀመረች ወዲህ ፊቷ ተፈታ። ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ የነገረችኝ በሶን አብረን ስናናፍስ ነው። የሴት ወገን ሆኜ እንድናገርላት ጠየቀችኝ።

«ሕመምሽን ነግረሽዋል?» አልኳት።

«ነግሬዋለሁ ጋሼ።»

«ምን አለ?»

«ምንም አላለ። 'አብረን እንጸልያለን' ነው ያለኝ።» ይህን ስትል ዐይኔን እያየች ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ጌታን አመሰገንኩ።

የሽምግልናው ቀን ቅዳሜ ምሳ ላይ ሆነ። ጸሐይወርቅ ውሻው ወደኛ ቤት ይውረድ ትላለች ብዬ ስሰጋ፣ «ይቆይ» አለች። «ግን ካንተ እግር ሥር አይለይ። አንተ ያዘው።» ያስቀረችው ለልጇ ብላ ነው ብዬ ወደድኳት።

የኖላዊ ሽማግሌዎች «ደርሰናል» ብለው ደወሉ። ያገራችን ሰው ደርሰናል ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የዚያን ቀን ግን ሁላችንም አመንን። ምግቡ ተሰናድቷል። ሔለን ሰው ፊት አትወጋም፤ ስለዚህ ስልኩ እንደተዘጋ መታጠቢያ ቤት ገብታ የምሳዋን ኢንሱሊን ወግታ ወጣች። እነሱ ግን የአዲሱ ባቡር መስመር ቁፋሮ መንገዱን ዘግቶት ገና ኤግሊንተን ላይ ነበሩ። ጠበቅን። ሰላጣው ላብ አወጣ።

ሲመጡ ሦስት ናቸው። አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ ደረጄ የሚባሉ ሸበቶ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ናቸው። «መንገዱን አይደለም የቆፈሩት፣ ከተማውን ነው!» እያሉ ገቡ።

«ኖላዊስ?» አለች ጸሐይወርቅ።

«ታች መኪና ውስጥ ነው። በወጉ መሠረት አይገባም። አይዞሽ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍተንለታል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋሽ ደረጄ ዐይናቸው በሶ ላይ አረፈ። «እንግዲህ ያ የተባለው ውሻ ይሄ ነው?»

«አዎ፣ የእሸቱ ነው» አለች ጸሐይወርቅ ፈጥና። «አይደል ሔሉ?»

ሔለን የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። «አዎ» አለች። «የጋሼ ነው።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ አልተሰበረም። በኋላ ሰዎች ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ያለችውን አታውቀውም ሲሉኝ ይህን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ገና ደህና ነበረች። በሶ ከእግሬ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ የወረደ ስኳር ቢኖር እሱ አይተኛም።

ውሻ በቤት ማኖሯ አሳፍሯት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ማዕዱ ተዘርግቷል፤ ወጉ ግን አለ። «ጉዳያችን ሳይመለስልን እህል ውሃ አንቀምስም» አሉ ጋሽ ደረጄ። እንግዳ ያልነካውን ደግሞ ባለቤት አይነካም። ተጸለየ። ልጅቱም ትስማ ተብሎ ሔለን ተጠርታ ከእናቷ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ጋሽ ደረጄ ነገሩን ከሩቅ አመጡት፤ ስለ ልጁ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ መንፈሳዊ ሕይወቱ። በሌላ ቀን ቢሆን ጣፍጦኝ የምሰማው ንግግር ነበር። እኔ ግን ወደ ሔለን እያየሁ ነው። ከወጋች ቆይታለች፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ካልበሉበት ስኳርን ያወርዳል። የበላችው የለም።

በመጨረሻ ወደኔ ዞሩ። «ወንድም እሸቱ፣ የልጃችን ጤና ደህና ነው። እንግዲህ እንደ ደንቡ የእናንተንም እንጠይቃለን።»

«እሱን ኖላዊ እንደነገራችሁ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች ጸሐይወርቅ ከአፌ ነጥቃ። «ልጄ ራስ ምታት እንኳ አታውቅም።»

ወደ ሽማግሌዎቹ አየሁ። ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ወደ ሔለን አየሁ። ቀና አላለችም።

በሶ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ምንጣፉን አቋርጦ ሄዶ ቀኝ እግሩን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ።

«ሰማሁህ» አለችው በሹክሹክታ። አልለካችም። አልጠጣችም። ራሱን ዳበሰችው፣ ገፋ አደረገችው። በሶ ቆሞ ጠበቀ። ቃሉን ሰምቷል፤ ከቃሉ በኋላ የሚመጣው ግን አልመጣም። ግራ ገብቶት ወደኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ እግሩን እንደገና አነሣ፤ አሁን ጠንከር አድርጎ።

ጋሽ ደረጄ ሳቁ። «ወንድም እሸቱ፣ ይሄ ውሻ እርስዎን እየጠራ መሰለኝ፤ ሰው ተሳሳተ እንጂ!»

«እንዴት ማለት?» አልኩ።

«አይፈሩ፣ ኖላዊ ነግሮናል። ስኳር እንዳለብዎት፣ ውሻው ለዚያ እንደሆነ፣ ሔለንም መርፌዎንና ጁስዎን በቦርሳዋ እንደምትይዝልዎ። እውነቱን ልንገርዎ? እኛ ልጅቱን የወደድናት በዚህ ነው። ለአባቷ ጓደኛ እንዲህ የሆነች ለባሏማ ምን ልትሆን ነው!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኖላዊ በየጠዋቱ ስምዎን ሳይጠራ ከጸሎት አይነሣም። ጌታ ይፈውስዎታል።»

ያን ጊዜ ብዙ ነገር አንድ ላይ ገባኝ። ባለፈው በቤተ ክርስቲያን ኬክ ሲታደል አንዲት እህት ሳህኑን ከፊቴ አንሥታ፣ «ለእርስዎ አይሆንም» ብላኝ ነበር። ስለ ውፍረቴ መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ለካ በሽታዬን ከኔ በስተቀር ሁሉም ያውቀዋል።

«ጸሐይ፣ ጁስ ስጪያቸው እንጂ!» አሉ ጋሽ ደረጄ። «ለታመመ ሰው ወግ የለም።»

ጸሐይወርቅ ተነሣች። የብርቱካን ጁስ በብርጭቆ ቀድታ አመጣችልኝ፤ ለኔ። ዐይኗ «ጠጣልኝ» ይለኛል፤ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ዘርይሁን ብለህ ጠጣልኝ»። ሦስቱ ሽማግሌዎች በርኅራኄ ያዩኛል። ብርጭቆውን ተቀበልኩ። ከምንጣፉ ማዶ በሶ ሁለት እግሩን ሔለን ጭን ላይ አውጥቶ ማልቀስ ጀመረ። ከንፈሯ ነጥቷል። ግንባሯ ባዶ ነው፤ ላብ የለ፣ ምንም የለ።

ተነሣሁ። ሄጄ ብርጭቆውን እጇ ላይ አኖርኩ።

«ጋሼ… የእርስዎ ነው» አለች። ምላሷ ተሳስሯል።

«እኔ ስኳር የለብኝም» አልኩ። «ጠጪ ልጄ።»

ብርጭቆውን መያዝ ስላቃታት እኔው ወደ አፏ አስጠጋሁላት። ጠጣች። በዚያ ቤት ውስጥ ከጉሮሮዋ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«ወንድም እሸቱ» አሉ ጋሽ ደረጄ፣ «ምን እየሆነ ነው?»

«ውሻው የጠራው መጥራት ያለበትን ሰው ነው። ሌላውን እሷ ትንገራችሁ። የኔ አይደለም።»

እሷ አልተናገረችም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በወጉ የሴት ወገን ነው ቀጠሮ የሚሰጠው፤ ያን ቀን ግን ቀጠሮ የጠየቁት እነሱ ሆኑ። «ልጁን እናማክረው» ብለው፣ ትከሻችንን ሳሙንና ወጡ። ማዕዱ እንደተዘረጋ ቀረ።

በሩ እንደተዘጋ ጸሐይወርቅ መጣችብኝ። «የእናት ጡት ነካሽ! ዘርይሁን አደራ ያለህ ለዚህ ነው?»

«ጸሐይ፣ ልጅሽ ልትወድቅ ነበር።»

«ትውደቅ! አንሥቻት አላውቅም? ስንቴ ብቻዬን አነሣኋት! ያንተ ውሻ ሳይመጣ ማን አነሣት? አንድ ጁስ መጠጣት ነበር ያቃተህ? አንድ ጁስ!»

ወደ ሔለን ዞርኩ። አሁን ነፍሷ ተመልሳለች፤ ዳቦ ይዛ በትንሽ በትንሹ ትቆርሳለች።

«ነግሬዋለሁ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

«ልነግረው ነበር። ከሰርጉ በኋላ… አይ ኖው፣ ዐውቃለሁ ጋሼ። ቦርሳዬ ውስጥ መርፌውን አየው። ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣው የእርስዎ ስም ነው።»

«'አብረን እንጸልያለን' ያለሽስ?»

«እሱስ እውነት ነው፤ ብሏል» አለች ዳቦውን እያየች። «ስለ እርስዎ ነው እንጂ።»

ለኔ ከሁሉ የባሰው እሱ ነው። ውሸቱን ለኔ ስትነግረኝ እንኳ ቃሉን ከራሷ አልፈጠረችውም፤ ለኔ የታዘነውን ኀዘን ወስዳ መልሳ ለኔው ሰጠችኝ። እኔም መንገድ ላይ ቆሜ አመሰገንኩበት።

ሳይመሽ ጸሐይወርቅ በሶን ይዛ ወረደች። በራችን ላይ ማሰሪያውን ለቀቀችው። «ውሻህ ይኸው» አለች። ሰደርያውን አላመጣችውም።

ብርሃነሽ ያን ሰሞን ብዙ አልተናገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ ሰሃን እያጠበች፣ «ግማሹን አንተ ጠጥተህ ግማሹን 'ነይ ቅመሺልኝ' ብለህ ብትሰጣት ምን ነበረበት?» አለች።

«በሶ ፊት?» አልኳት።

«ውሻ ምን ያውቃል?»

«እሱማ ነው የሚያውቀው። 'ሰማሁህ' ብላ ዋሸችው። እኔም ብደግምበት ማንን ሊያምን ነው?»

«አንተ ስለ ውሻው ነው የተናደድከው ወይስ ስለ ራስህ?» አለችኝ። ይህቺ ሴት አትስትም።

ኖላዊ ቤቴ ድረስ መጣ። ጫማውን አውልቆ፣ እጆቹን ጉልበቱ መካከል ሰብስቦ ተቀመጠ። በሶ አሸተተውና ትቶት ሄደ።

«ጋሽ እሸቱ፣ ደህና ነዎት ማለት ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«እንግዲህ ያ ሁሉ ጸሎት ወደ ማን ሄዶ ይሆን?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም። «ጋሼ፣ ስኳሩ አላስደነገጠኝም። አክስቴም አለባት፣ አብሬያት ነው ያደግሁት። የከበደኝ ስትዋሽ ድምፅዋ አለመለወጡ ነው። ነገ 'ደህና ነኝ' ስትለኝ በምን ላውቅ ነው?»

እኔም ያንኑ ስጠይቅ ነበር የከረምኩት።

«እርስዎን ግን ተመልሳ አልጠየቀችዎትም?»

«አልመጣችም።»

«ከኔም ጋር አልተነጋገርንም» አለ። «ልተዋት ይሆን፣ ልጠብቃት ይሆን፣ አላውቅም። ይጸልዩልኝ።» አብረን ጸለይን። ሔለን የሚለው ስም ጋ ስደርስ ዘልዬው አለፍኩ። ለሌሎች ስንት ጊዜ ስለ ይቅርታ የነገርኩ ሰው፣ ስሟን በጸሎት መጥራት አቃተኝ።

እሷ የመጣችው በረዶው ቀለጥ ማለት ሲጀምር ነው። ባንክ ውስጥ መስኮቷ ላይ እንዳለች፣ ደንበኛ ቆሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ባልደረባዋ እንዳገኘቻት ብርሃነሽ ከሰው ሰምታ ነበር። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ቀዩን ሰደርያ በእጇ ይዛለች። ከስታለች።

«ሥራ ቦታ ነገርኳቸው» አለች ሰላምታም ሳትሰጠኝ። «ሁሉንም። ወረቀቱንም ሰጠኋቸው። በሶ አብሮኝ መግባት ይችላል አሉኝ።»

«ለኖላዊስ?»

«እሱንም አገኘሁት። አንድ በአንድ ነገርኩት። ላስብበት አለ። እርስዎ ቢታገሡኝ ኖሮ እኔው ራሴ እነግረው ነበር። ያን ዕድል ወሰዱብኝ። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ይቅርታም ልጠይቅዎ።»

ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያለችው፣ ክሱንም ይቅርታውንም። ይቅር ማለት ግዴታዬ እንደሆነ ዐውቃለሁ። ቃሉ ከአፌ ጫፍ ድረስ መጥቶ ቆመ። እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ልሰማት ፈለግሁ፤ ዝምታዬ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ለሷም ገባት።

«ሔለን» አልኳት፣ «ውሻውን ውሰጂ። ቃልሽን እንዲያምን እንደ አዲስ ታስጀምሪዋለሽ፤ እንዴት እንደሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ አሳይሻለሁ። ለሌላው ጊዜ ስጪኝ።»

«ምን ያህል?»

«አላውቅም።»

ተንበርክካ ሰደርያውን አለበሰችው። መቀነቱን ስታስር እጇን ላሳት። ተነሥታ ማሰሪያውን ያዘች፣ «ና» አለችው፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሶ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ማሰሪያው ተወጠረ። ዞሮ አየኝ። ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ፊቴን ያነባል፤ ልሂድ ወይስ ልቆይ ይለኛል።

«ጋሼ፣ አይመጣም» አለች።

አሠልጣኝ ውሻውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ ሊያየው አይገባም። ካየኸው አይሄድም። ይህንም ያነበብኩት ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እንደዚያ ቆምኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ቀለሙ የተላጠውን ቦታ እያየሁ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ጥፍሮቹ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኩ፣ ሊፍቱ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሰማሁ።

«ሄዱ» አለች ብርሃነሽ ከኋላዬ። «እሸቱ፣ ሄደዋል እኮ። ዙር።»

«እሺ» አልኳት። ግን አልዞርኩም።